ደሟን ግን አትንኩ

ለሐሙስ ሠርግ የተተከለው ድንኳን ማክሰኞ ረፋድ ላይ የለቀስተኛ መቀመጫ ሆነ። ባለ ቀለም አምፖሎቹን ለማውረድ ማንም ልብ አላገኘም። መቶ አለቃ ታጅ አልሲር ከአትባራ ፖሊስ ጣቢያ በብስክሌት መጥቶ ሐጅ ሙደሲር ደጃፍ ላይ ሲወርድ፣ በግ ሊያርዱ የተጠሩት ሰዎች ቢላዋቸውን እንደያዙ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የሐጂ የበኩር ልጅ ኢጅላል፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሙሽራ፣ ገላዋን ለሠርጉ በሚያሳምረው የሙሽራ ጭስ ላይ እንደተቀመጠች ሞታለች።

ገዳይዋም ተይዛለች ተባለ። መስቱራ የምትባል የስድሳ ዓመት ሴት ናት። የከተማውን ሙሽሮች ግማሹን ያጠነች እሷ ናት። አሁን እጇን በገመድ ታስራ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣለች፤ ከመጎናጸፊያዋ ጫፍ የተቋጠረ ነጭ ዱቄት ተገኝቶባታል። አዛዡ ታጅን ሲልከው ትእዛዙን አብሮ ሰጥቶታል፦ «ነገ በዐሥር ሰዓቱ ባቡር ወደ ዳመር እስር ቤት ትሂድ። ጉዳዩ ግልጽ ነው።» ሙሽራ በመርዝ ገድላለች ተብላ ዳመር የገባች ሴት የምትወጣው ተገንዛ ነው።

ታጅ «ጉዳዩ ግልጽ ነው» ሲሉት ዐመሉ የሚነሣ ሰው ነበር። ሆዱ ከቀበቶው በላይ የገነነ፣ ከኪሱ ኦቾሎኒ የማይጠፋ፣ ሲያጣድፉት ይብሱን የሚንቀራፈፍ። የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ጅርጂስን ከኋላው አስከትሎ በቀጥታ ወደ ሴቶቹ ግቢ አመራ።

«ወዴት ነው?» አለች ቡሰይና በሩ ላይ ቆማ። ቡሰይና የሐጂ እህት ናት፤ ሙሽራው አሲምም የእሷው ልጅ ነው። ከሟች አክስትነቷ ይልቅ አማትነቷ ጎልቶ የሚሰማባት፣ በዚያ ቤት ቃሏ የሚፈራ ሴት ነበረች።

«ሟቿን ለማየት ነው፣ እመቤቴ።»

«ወንድ ሙሽራ ያያል? ነውር አታውቅም?»

«አሁንማ ሙሽራ አይደለችም» አለ ታጅ፣ ቀስ ብሎ። ከውስጥ የእናትየዋ ድምፅ «ይግባ፣ ይግባ» ሲል ቡሰይና ገለል አለች።

ኢጅላል በሰሌን ላይ ተጋድማለች። ሃያ ቀን የታጠነ ገላዋ ሙሽራ እንደሚገባት ወርቅማ ሆኗል፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሒና ተስሎበታል። ታጅ ተንበረከከና የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቱ ገለጠ። ነጩ እንደ እርድ ቢጫ ነው።

«ይኼ ቢጫ ምንድን ነው?»

«ጭሱ ነዋ!» አለች ቡሰይና። «ሃያ ቀን ጭስ ላይ የተቀመጠች ልጅ ምን ልትመስል ኖሯል?»

ታጅ ቀና ብሎ አያት። ሃያ ቀን ሙሉ እሳቱን ስትቆሰቁስ የከረመችው ቡሰይና ዓይኗ ደም ለብሶ ነበር እንጂ ቢጫ አልነበረም። ከሒናው በላይ፣ ቁርጭምጭሚቷ አጠገብ ያለውን ክብ ጠባሳ በጣቱ እየጠቆመ እናትየዋን ጠየቃት።

«ልጅ ሳለች የወጣባት ቁስል ነው» አለች አወዲያ። ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ተዘግቷል። «ሁለት ዓመት ሙሉ አልድን ብሎ ፍዳዋን አሳያት።»

ሐጅ ሙደሲር ድንኳኑ ውስጥ ከወንድሞቻቸው መካከል ተቀምጠዋል። በወንዙ ዳር ስማቸው የተከበረ፣ የዘር ሐረጋቸውን እስከ ነቢዩ አጎት ድረስ ሳይደናቀፉ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን የገዛ ስማቸውን ቢጠይቋቸው የሚመልሱ አይመስሉም።

«ሐጂ፣ አላህ ያጽናዎት። መርዝ ነው ከተባለ ጅርጂስ ሬሳውን ማየት አለበት።»

ወንድማማቾቹ አጉረመረሙ። ሬሳ መቅደድ ነውር ነው፣ ኃጢአትም ነው፣ አሉ። ሐጂ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው።

«ሆዷን ይይ» አሉ በመጨረሻ። «መርዝ ካለ ያለው እዚያ ነው። ደሟን ግን አትንኩ።»

ታጅ ኦቾሎኒውን ወደ አፉ ሊወስድ የነበረ እጁን መለሰ። «ደሟን?»

«ደሟን አትንኩ አልኩ። ልጄ ናት።»

ሕጉ ግን የሐጂን ፈቃድ አይጠይቅም ነበር። ጅርጂስ ዓይኑን ወደ ታጅ ወረወረ፣ ታጅ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፣ ደሟም እንዲታይ ሳይነጋገሩ ተግባቡ።

ታጅ ወደ ኒሙ ዛፍ ሄዶ ገመዱን ራሱ ፈታና መስቱራ ፊት ቁጢጥ አለ። ቋጠሮውን ፈትቶ ጣቱን በምራቁ አረጠበና ዱቄቱን ቀመሰ። አጠገቡ የቆመው ወታደር «ኧረ መቶ አለቃ!» ብሎ ጮኸ።

«ሞኝ ነህ እንዴ?» አለችው መስቱራ። «መርዝ ቢሆንስ ኖሮ?»

«ይጣፍጣል። ቀጥሎ ደግሞ ጨው ጨው ይላል።»

«ስኳርና ጨው ነዋ። ውኃ ውስጥ ጨምሬ ሰጠኋት፤ ሐኪሞቹ ለልጄ ያስተማሩኝ ነው። ሁለተኛውን ጣሳ ሳቀብላት አክስቷ እጄን ያዘችኝ።»

«ውኃ በድብቅ የሚሰጠው ለምንድን ነው?»

«ቡሰይና ከልክላ ነዋ! ውኃ የጠጣች ሙሽራ ቆዳዋ ጭሱን ይተፋዋል ትላለች። እኔ አርባ ዓመት ሙሽራ ሳጥን ውኃ ነፍጌ አላውቅም። የቤቱ ጌታ ግን እሷ ናት። ልጅቷ ከሌሊት ጀምሮ አጥንቴን እየሰበሩኝ ነው ትል ነበር፤ እጇን ነካሁት፣ አብጧል። ዓይኗን አየሁት። ከዚያ ወዲያ ምን እጠይቃለሁ? የልጄ የጁምዓ በሽታ ነው፣ ዐውቀዋለሁ። ‹እመቤቴ፣ ይኼ የልጄ ሕመም ነው፣ አውርደን ሐኪም ቤት እንውሰዳት› አልኳት።»

«ምን አለችሽ?»

መስቱራ ጉንጯን ዳሰሰች። «በጥፊ አለችኝ። ‹የባሪያ በሽታ እኛ ቤት ምን ሊሠራ ይገባል?› አለች። ከዚያ ብርድ ልብሱን አጥብቀው መልሰው እሳቱ ላይ አስቀመጧት።»

ሙሽራው አሲም የባቡር መሐንዲስ ነው። ታጅ ያገኘው ከግቢው ጀርባ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ጎረቤቱ አሲም ሌላ ሴት ይወድ ነበር እያለ ያንሾካሹካል፤ ሰኞ ማታም ወረቀት ሲያቃጥል ያየው ሰው አለ። ታጅ ሲጠይቀው አልካደም።

«የኢጅላል ማስታወሻ ነበር። በእህቴ እጅ ነው የላከችልኝ።»

«ምን ይላል?»

«‹ከዚህ ጭስ አውጣኝ፣ ልሞት ነው› ይላል።» አሲም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ሙሽራ ሁሉ እንዲህ ትላለች ብዬ ሳቅሁ። እናቴ እንዳታይባት ብዬ አቃጠልኩት። ሳቅሁኮ፣ መቶ አለቃ።»

ታጅ ብዙ ውሸት የሰማ ሰው ነው፤ ይኼ ግን ውሸት አልነበረም። ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወደ አወዲያ ተመለሰ። አወዲያ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና መለሰችለት።

«ልጅቱ ታማ ታውቃለች?»

«ቁርጥማት አለባት። ስምንት ዓመቷ ሳለች አባቷ ኻርቱም ወስዶ አስመረመራት፤ ሲመለስ ቁርጥማት ነው አለ። ከዚያ ወዲህ አንቀባሮ ነው ያሳደጋት። የብርድ ወራት ሲመጣ የሱፍ ካልሲ ከኻርቱም ያስመጣላታል፣ ወንዝ ገብታ እንዳትዋኝ ይከለክላል፣ ከአልጋዋ ራስጌ የውኃ ጋን አስቀምጦ በገዛ እጁ ይሞላዋል። ሰው ይስቅበት ነበር።»

«ሌሎቹንም ልጆች እንደዚያ ነው?»

«ኧረ የለም። ኢጅላልን ብቻ።»

«ለምን እንደሆነ ጠይቀውት ያውቃሉ?»

«አባት ልጁን ስለወደደ ለምን ተብሎ ይጠየቃል?»

ታጅ ሊሄድ ተነሣና በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። ዋናውን ጥያቄ ሁልጊዜ በር ላይ ነበር የሚጠይቀው። «ሐጂ ከጋብቻው በፊት ምንዎት ነበር?»

«የአጎቴ ልጅ። እኛ ዘንድ ከቤት ወደ ውጭ አይጋባም፤ ደማችን እንዳይቀላቀል።»

በማግስቱ ጠዋት ጅርጂስ በጤና ጣቢያው ጠባብ ክፍል አጉሊ መነጽሩ ላይ እንዳጎነበሰ ታጅን ሳያየው ተናገረ።

«ሆዷ ውስጥ ጥቂት የስኳር ውኃ እንጂ መርዝ የለም። አሁን ና እዚህ እይ። ደም ክብ መሆን ነበረበት።»

ታጅ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተመለከተ። ክብ አልነበረም፤ መስታወቱ ላይ የተበተነው ሁሉ የማጭድ ቅርጽ ይዟል።

«አብሯት የተወለደ ነው» አለ ጅርጂስ። «ውኃ ሲጠማት፣ ሲበርዳት፣ ገላዋ ከመጠን በላይ ሲግል ደሟ እንዲህ ይታጠፍና የደም ሥሩን ይዘጋዋል። ቢጫው ዓይን፣ የእግር ቁስሉ፣ የአጥንት ሕመሙ ሁሉ ከዚሁ ነው። ሰዉ የባሪያ በሽታ ይለዋል። እኔ በዚህ መነጽር የሼኽም የሎሌም ደም አይቻለሁ፤ በሽታው የማንንም አባት አይጠይቅም። ግን አንድ ነገር ልብ በል፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ከመጣ አይጥልም። ከእናትም ከአባትም መምጣት አለበት።»

«እናትና አባቷ ደግሞ የወንድማማች ልጆች ናቸው» አለ ታጅ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የራሱ ሚስት የአክስቱ ልጅ ናት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ታጅ ቤተሰቡን ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበ። ወንዶቹ ፊት ለፊት፣ ሴቶቹ ከጨርቅ መጋረጃው ጀርባ ሆኑ። መስቱራ በአዛዡ ትእዛዝ በካቴና ታስራ ድንኳኑ አፍ ላይ ከወታደሩ ጋር ቆማለች። ባቡሩ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል።

«መርዝ የለም» ብሎ ጀመረ ታጅ። «ይኼን ዱቄት ትናንት ቀምሼዋለሁ፤ እንደምታዩኝ አለሁ። ኢጅላልን የገደላት ከልጅነቷ ጀምሮ በደሟ ውስጥ የነበረ በሽታ ነው። ጭስ ገላዋን ወርቅማ ቢያደርግ የዓይኗን ነጭ ቢጫ አያደርግም። እመቤት ቡሰይናም ከዚያው ጭስ ነበሩ፤ ዓይናቸው ግን ቢጫ አልሆነም። መስቱራ ይኼንን አይታ ተናገረች፣ ተመታች።»

«የባሪያ በሽታ በቤታችን የለም!» አለ የቡሰይና ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ። «ደማችንን የማያውቅ የለም!»

«አንድ ሰው ግን በደንብ ያውቀው ነበር» አለ ታጅ። «ልጁ በመርዝ ሞተች ያለ አባት ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ወይ ሬሳዋን አትንኩ ይላል፣ ወይ ገዳይዋ እንድትገኝ ሁሉንም እዩ ይላል። ሐጂ ሁለቱንም አላሉም። ሆዷን እዩ፣ ደሟን አትንኩ አሉ። መርዝ የሚፈለግበትን ቦታ ከፈቱልን፤ እውነቱ ያለበትን ዘጉብን። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ሰው የሚደብቀው የሚያውቀውን ነው።»

ሐጂ ቀና አላሉም።

«የሱፍ ካልሲው እንዳይበርዳት ነው። ወንዙን የከለከሏት ውኃው እንዳያቀዘቅዛት ነው። የውኃው ጋን እንዳይጠማት ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ዓይንዎ ብሌን ጠበቋት። ኻርቱም ያለው ሐኪም ነግሮዎታል። እርስዎ ግን ክልከላውን ሁሉ ለቤቱ ሰጥተው ምክንያቱን ለብቻዎ ያዙት። ሙሽራ ስትሆን ደግሞ ከእርስዎ እጅ ወጥታ ወንድ ወደማይገባበት፣ ሴቶች ወደሚያዙበት ክፍል ገባች። እዚያ ውስጥ ምክንያቱን የሚያውቅ ማንም አልነበረም።»

«በቃ» አሉ ሐጂ።

«ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ነበሩ? ስትጮህ ሰምተዋል?»

«ሰማሁ።»

«ውኃ ስጧት ማለት ምን ከበደዎት?»

ሐጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን አነሡ። «እህቴ ለምን ብትለኝስ?» አሉ። «ምን እላታለሁ? የልጇን ሚስት እያጠነች ነው። ሦስት ሴት ልጆች ከኋላዋ አሉኝ። ስሙ አንዴ ከወጣ ማን ያገባቸዋል? ነገ ያልፍላታል፣ ሐሙስም ያልፋል፣ ባሏ ቤት ስትገባ በዘዴ አሳክማታለሁ አልኩ። ሁልጊዜ ያልፍላት ነበር። ሁልጊዜ ያልፍላት ነበርኮ!»

«መስቱራስ?» አለ ታጅ። ድምፁ ቁጣ ነበረበት፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። «መርዝ እንዳልሆነ እያወቁ ዝም አሉ። በዐሥር ሰዓት ባቡር ትሄዳለች። ሐጂ፣ አዛዡ የእኔን ቃል አይሰማም፤ የእርስዎን ይሰማል። ዛሬ እዚህ ይናገሩ፣ ወይ እሷ ትሰቀል።»

ወንድሞቻቸው ተጠጉ። አንደኛው «ሙደሲር፣ አፍህን ያዝ» ሲል ተሰማ። ሐጂ ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተነሡ፤ ቁመታቸው ያጠረ መሰለ።

«የእኔም የአወዲያም የአባት እናት» አሉ፣ «ሰባሕ አልኸይር ትባል ነበር።»

ትርጉሙ «መልካም ጠዋት» ነው፤ እንዲህ ያለ ስም ለማን እንደሚወጣ በዚያ አገር ሕፃንም ያውቃል። ጌቶች ጠዋት ሲጠሯት ጆሯቸው በጎ ቃል እንዲሰማ ለተገዛች ሴት ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ቡሰይና እንደተመታ ሰው ጮኸች፤ አያትነቷ ለእሷም ነውና። ከወንድማማቾቹ ሁለቱ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። አሲም ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

ታጅ ካቴናውን ራሱ ፈታ። ያን ጊዜ የጨርቅ መጋረጃው ተገለጠና አወዲያ ፊቷን ሳትሸፍን ወደ ወንዶቹ ድንኳን ወጣች። ማንም ነውር ነው አላላትም።

«ብርድ ልብሱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች። «‹እናቴ፣ ውኃ› ስትለኝ፣ ‹ቻይው ልጄ፣ ለውበትሽ ነው› አልኳት። በእነዚህ እጆቼ ያዝኳት።» ባሏን አየች፣ ጅርጂስን አየች፣ ታጅን አየች። «ውኃ ብቻ ነበር? ውኃ ብሰጣት ትኖርልኝ ነበር?»

ጅርጂስ የዓይን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገው ጀመር። ታጅም መልሱን ያውቅ ነበር፤ በሌሊት አውርደው ሐኪም ቤት ቢያደርሷት ነገ ሠርጓ ይሰማ ነበር። በሠላሳ ዓመት ሥራው እውነት ከመናገር ወደኋላ ብሎ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ኦቾሎኒ ፍለጋ እጁን ኪሱ ከተተ።

የመለሰችው መስቱራ ናት። የእጇን አንጓ እያሸች ሁለት እርምጃ ተጠጋች።

«አይምሰልሽ» አለች። «እኔ ለጁምዓ ውኃ ሰጥቼዋለሁ። ሐኪም ቤትም ወስጄዋለሁ። እሱም አልቀረልኝም። የመጣ ጊዜ የሚመልሰው የለም፤ አንቺ አይደለሽም የገደልሻት።»

ሴቶቹ አወዲያን ደግፈው አስቀመጧት፤ ከትናንት ለቅሶዋ ወዲህ እንደ ድንጋይ የደረቀችው ሴት እንደ እናት ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

ታጅ ብስክሌቱን እየገፋ መስቱራን እስከ ሰፈሯ ሸኛት። ከባቡሩ ወርክሾፕ የወጡ ሠራተኞች እያዩዋቸው ያልፋሉ።

«እማማ፣ ጁምዓ የሞተው መቼ ነው?» አላት መንገዱ ሲጋመስ። «የጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ብዬ ነው።»

«ማን ሞተ አልኩህ? ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ጭነት ይቆጣጠራል። ባለፈው ወር ሁለተኛ ልጅ ወለደ።»

ታጅ ቆመ። የሰውን ውሸት ከዓይን ሽፋሽፍት የሚለይ መርማሪ አንዲት አሮጊት በሰው ሁሉ ፊት አታልላዋለች።

«ያ ሁሉ ካደረጉብሽ በኋላ?»

«ምን ላድርግ?» አለች መስቱራ፣ ሳትቆም። «እውነቱን ብነግራት ልጅቷ ትነሣለች? እናቲቱም ትከተላት ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ማን ገደላት ብለህ ተመልሰህ እኔን ልትይዝ።»

ከንፈሯን ለፈገግታ ከፈት አደረገችና መሐል መንገድ ላይ ቁጭ ብላ፣ ፊቷን በመጎናጸፊያዋ ሸፍና፣ ለኢጅላል አለቀሰች። ታጅ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆመ።